ስልክ ላይ የሌለው ኩታ

ፈህሚያ የቴሌግራም ቻናሏን ከመክፈቷ በፊት በአባቷ በሐቢብ ሱቅ ውስጥ አንድ አግዳሚ ነበረ። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ከአርባ፣ እንጨቱ ወይራ፣ ከሥሩ ሣጥን ሆኖ ክዳኑ መቀመጫ የሆነ፣ ግራ እግሩ ስለሚያጥር የታጠፈ ካርቶን የተነጠፈለት አግዳሚ ነው። ስድስት የከተማ ሰው፣ ወይም ጋቢ የደረቡ አምስት ደገኞች ያስቀምጣል። ፊት ለፊቱ ባንኮኒ አለ፤ ከባንኮኒው ጀርባ እስከ ጣሪያ በሚደርሰው መደርደሪያ ላይ ቀሚስ፣ ኩታ፣ ካባና ጋቢ ተጣጥፎ ይቀመጣል። ዋጋ የተጻፈበት ልብስ አንድም አልነበረም፤ ዋጋ የሚገኘው በመቀመጥ ነበር። ከዳባት ወይም ከደባርቅ ልጁን ሊድር የወረደ ሰው ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ ይጠየቃል፣ ሻይ ይታዘዝለታል። ከዚያ ሐቢብ አንድ ቁጥር ይጠራል። እንግዳው እንደ ተሰደበ ሰው ብድግ ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ጋቢውን ጎትተው ያስቀምጡታል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገምና ልብሱ ይጠቀለላል። ዋጋውን የሚያውቁት አግዳሚው ላይ የነበሩት ብቻ ናቸው፤ እነሱም ለማንም አይናገሩም። በሠርጉ ቀን ጥሎሽ ሲታይ የወንድ ወገን ሽማግሌ ልብሱን አንድ በአንድ ከፍ እያደረገ ያወድሳል፤ የሴት ወገን «ይህችን ብላችሁ ነው?» እያለ ያጣጥላል። የልብሱ ክብር የሚወሰነው በዚያ ሙግት ነው። ዋጋው ከታወቀ ሙግት የለም።

ከቻናሉ በኋላ አግዳሚው ወደ ኋላ መጋዘኑ ገባና ካርቶን ተቆለለበት። በቦታው ሙሉ ቁመት የሚያሳይ መስታወት፣ እንደ ማኪና ጎማ ክብ የሆነ የቪዲዮ መብራት፣ ፊት የሌላት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊትና ለፎቶ መቀመጫ የምታገለግል አንዲት ዝቅ ያለች ነጭ የፕላስቲክ ዱካ ቆሙ። ሌሎች ነጋዴዎች ከሥዕሉ ሥር «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው ሲጽፉ ፈህሚያ ቁጥሩን በግልጽ ታስቀምጣለች፤ የምትኮራበትም በዚህ ነው። ትዕዛዙ ከአይከል፣ ከሁመራ፣ ከባሕር ዳር ይመጣል፤ ገንዘቡ በስልክ ይገባል፤ ልብሱ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይላካል። ሐቢብ አይማረርም። እሱ ድሮ በወር የሚሸጠውን ልጁ በሳምንት ትሸጣለች፤ ይህንንም ለጠየቀው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይናገራል። የምትማረረው ጎን ለጎን ሻይ ቤት ያላት የትነበርሽ ናት። ቀድሞ ወደ ሱቁ በቀን እስከ ሠላሳ ብርጭቆ ሻይ ታስገባ ነበር፤ አሁን የምታስገባው ሁለት ነው፣ አንድ ለአባት፣ አንድ ለልጅ። «ቻናልሽ ሻይ አይጠጣም ወይ?» ትላታለች ፈህሚያን፣ በደጁ ባለፈች ቁጥር።

በጥር ወር በአንዱ ሐሙስ ጠዋት፣ አዲስ ዓለም ሠፈር ባለው ቤታቸው ቁርስ ቀርቦ፣ ፈህሚያ ስልኳን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፋ የተላኩላትን የድምፅ መልእክቶች ታዳምጥ ነበር። ሐቢብ ዳቦውን ወደ ሻዩ እየነከረ ሳይሰማ ይሰማል። አንድ የወጣት ድምፅ ግን ጆሮውን ያዘው። «እኅቴ ፈህሚያ፣ ቀሚሱ መሳፈሩን ንገሪኝ። አንድ አደራ ግን፤ አባቴ በሆነ መንገድ ቢጠይቅሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ። ከሰማ ‘እኔ ነኝ የምገዛው’ ብሎ ይወርድና ግማሽ ቀን ሲከራከር ይውላል። ለምን ሽማግሌ እናደክማለን?»

የነከረው ዳቦ ተቆርሶ ሻዩ ውስጥ ወደቀ። ሐቢብ ልጁ ማን እንደሆነ ጠየቀ። አላምረው ነጋ ይባላል፣ ከዳባት ነው፣ እሑድ ሠርጉ ነው አለችው። ቀሚሱን የመረጠችው ሙሽሪት ትዕግስት ራሷ ናት፤ ከቻናሉ ላይ አይታ፣ ሥዕሉን ለእጮኛዋ ልካለት፣ እሱም በዚያው ምሽት ከፈለ። ቀሚሱ የት እንዳለ ጠየቀ። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በዳባት አውቶቡስ ሄዷል። ሐቢብ ሚስቱን ዙበይዳን አየ፤ ዙበይዳም አየችው። ነጋ ሁለቱን ታላላቅ ልጆቹን የዳረው ከሐቢብ አግዳሚ ላይ ተነሥቶ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የመጣው ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ ነው፤ ቅዳሜ ገበያው ግርግር ስለሚበዛ የረጋ ክርክር አይገኝም ብሎ። ዛሬ ያ ሐሙስ ነው።

«እንግዲህ የምትሸጥለት ካጣህ አንተኑ ጠቅልሎ ይወስድሃል» አለች ዙበይዳ፣ ሻዩን ደፍታ ሌላ እየቀዳችለት።

ሐቢብ ወደ ሱቁ ሲሄድ ለአውቶቡሱ ረዳት ደወለ፤ አምባ ጊዮርጊስን እያለፉ ነበር። ለነጋ ደወለ፤ ነጋ ባትሪ እንዳያልቅበት መንገድ ላይ ስልኩን ያጠፋል። ሰዓቱን አየና አሰላ። ቀሚሱ ሽቅብ፣ ገዢው ቁልቁል፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ በሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ አውቶቡሶች ተላልፈዋል። ሹፌሮቹ ጥሩምባ ተነፋፍተውም ይሆናል። ለፈህሚያ ይህን ሲነግራት ሣቀች፤ እሱም ሊሥቅ ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ነጋን ያውቀዋል። ነጋ ከዚህ ሱቅ አፍሮ ከወጣ ተመልሶ አይገባም፤ ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው ዘመዱም አይገባም። ደግሞ ከዘመዱ ሁሉ ይልቅ ለሐቢብ ያስፈራው የራሱ የነጋ አለመግባት ነበር።

ነጋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ብቻውን ነው፤ ከሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ባለፈው ዓመት ዐርፏል፣ ሌላው ጉልበቱን ይዞት ቀርቷል። በአንድ እጁ ማር የሞላች ትንሽ ቢጫ ጀሪካን፣ በሌላው ዱላ፣ ትከሻው ላይ የገብስ ቆሎ የያዘ ከረጢት አለ። ደጁ ላይ ቆሞ ሰላምታውን በሙሉ ከጨረሰ በኋላ፣ ከብቶቹም ቤተሰቡም ደኅና መሆናቸው ከታወቀ በኋላ፣ ገብቶ ሳያይ ሊቀመጥ ወደ ቀኝ ዞረና መስታወቱ ውስጥ ከራሱ ጋር ተፋጠጠ። ጥቂት ተያዩ። ፈህሚያ ዱካዋን አመጣችለት። አጥር ላይ እንዳረፈች ዶሮ ተጠንቅቆ ተቀመጠባት፤ ጉልበቱ ከደረቱ ሊገጥም ትንሽ ቀረው። ከዚያ ከኪሱ የተቋጠረ ክር አወጣ። የሙሽሪት ቁመት ነው፤ ሚስቱ አበቡ በዓይኗ ገምታ የላከችው። ፈህሚያ ክሩን ተቀብላ በሜትር ስትለካው ከታዘዘው ቁመት በስንዝር ይበልጥ ነበር፤ አበቡ ምራቷን በክብርም በቁመትም ከፍ አድርጋታለች። ልጅቷ ይህን ልትናገር አፏን ስትከፍት አባቷ በዓይኑ ከለከላት።

ነጋ ልብስ ለመምረጥ ጊዜ አይፈጅም፤ ጊዜ የሚፈጀው ለክርክሩ ነው። ዓይኑ በመደርደሪያው ላይ አንዴ ዞረና አሻንጉሊቷ የለበሰችው ቀሚስ ላይ ዐረፈ። ወርቃማ ጥልፍ ከደረቱ እስከ ጫፉ የወረደበት፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ቀሚስ ነው። ትዕግስት ከመረጠችው ጋር አንድ ዓይነት።

«ያችን አውርዳት» አለ።

«አያ ነጋ፣ እሷን ላንተ አልሸጥልህም።»

«ምነው? ገና ሳልከራከር?»

«ተገዝታልሃለች።»

ሐቢብ ሁሉንም ነገረው፤ ምንም አልቀነሰም፣ ምንም አላለዘበም። ነጋ ክሩን ጣቱ ላይ እየጠመጠመ አዳመጠ።  ከውጭ የትነበርሽ ብርጭቆ ስታጥብ ይሰማል። ነጋ የጠየቀው ስለ ልጁ አልነበረም። ዋጋውንስ ያውቁታል ወይ አለ። ፈህሚያ ስልኳን አቅርባ አሳየችው፤ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ብር ይላል፣ በትልቁ። ይህን ማን ያየዋል ብሎ ጠየቀ፤ የፈለገ ሁሉ አለችው። አማቾቼም? አላት። ልጅቷ ትንሽ አመነታችና የሙሽሪት እናት ልብ እንዳደረጉበት ተናገረች።

«ልብ ማለት?»

«ወደድኩት ማለት ነው፣ አያ ነጋ።»

«በሰባት ሺህ ስምንት መቶ ብር ልቧን ሰጠቻ» አለ ነጋ። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቁጥር በጣቱ እያመለከተ ይህችስ ምንድን ናት አለ። ያዩት ሰዎች ቁጥር ናት፤ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ። ነጋ ራሱን ነቀነቀ። የዳባት ገበያ በሞላበት ቀን እንኳ ይህን ያህል ሰው ቆሞ የአንድ ሰው ጥሎሽ አያይም አለ። «እሑድ ዳሱ ውስጥ ቀሚሱን ከፍ አድርጌ ምን ልበል? ስልካችሁን ክፈቱ ልበል?»

ሐቢብ ልጁ ክፉ አላሰበም ሊለው ሞከረ። ነጋ ክፉ አሰበ አላልኩም አለ፤ ሸጋ ልጅ ነው፣ ሸጋ አድርጎ ጡረታ አወጣኝ። ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም፣ ለዚህም ነው ለሐቢብ የከበደው። ከዱካዋ ተነሣ፤ ዱካዋ ጋቢው ላይ ተጣብቃ አብራው ተነሣችና ወደቀች። ማንም አልሣቀም። መናኸሪያ ሄዶ የከሰዓቱን ማኪና እንደሚጠብቅ ተናገረ። ሐቢብ ግን ዱላውን ቀድሞ አነሣና ወደ ባንኮኒው ጀርባ አስገባው። ማር ይዞ የመጣ እንግዳ ምሳ ሳይበላ ከቤቴ ቢሄድ ዙበይዳ እኔንም አታስገባኝም አለ። ነጋ ያለ ዱላ ስድሳ ዓመት በእግሩ ሄዶ አያውቅም፤ እስከ ቀትር ቆይቶ ተከተለው።

መንገድ ላይ ሐቢብ የቀትር ሶላቱን ሰገደ፤ ነጋ እንደ ወትሮው የመስጊዱ አጥር ጥግ ፀሐይ እየሞቀ ጠበቀው። ቤት ሲደርሱ ሽሮው ተንተክትኮ ነበር። የአንዱን ቤት ሥጋ ሌላው ስለማይበላ ነጋ በመጣ ቁጥር ሽሮ ነው የሚሠራው፤ ዙበይዳ ቅቤውን ታበዛለት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ከወትሮው አብዝታዋለች። ስለ አበቡ ጠየቀችው፣ ስለ ጊደሯ ጠየቀችው፣ ስለ ድንቹ ጠየቀችው። ደኅና፣ ደኅና፣ ደኅና አለ። ሁለት ጉርሻ በልቶ እጁን ሰበሰበ። ሐቢብ ቃሪያውን ይሰነጥቃል። በመጨረሻ ነጋ ማንንም ሳያይ ተናገረ። የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ልጁ የገዛው ይቅረብ፣ እሱ ደግሞ አንድ ነገር በእጁ ይዞ ይግባ፣ ተቀምጦ የገዛው፣ ዋጋውን ሦስት ሺህ ሰው ያላየው። ያለዚያ ዳሱ ውስጥ እንደ ተጠራ እንግዳ በልቶ መውጣቱ ነው።

«የኡዘይርስ ኩታ?» አለች ዙበይዳ።

ሐቢብ ቃሪያውን አስቀመጠ። ኡዘይር ሸማኔ የነበረ አጎቱ ነው። ዓይኑ ከመድከሙ በፊት የሠራው የመጨረሻ ኩታ አግዳሚው ሆድ ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከናፍታሊን ጋር ተቀምጧል። ሲሰጠው ያዘዘው አንድ ነገር ነበር፤ ሳይከራከር ለሚገዛ ሰው እንዳትሸጠው። ሐቢብም ትእዛዙን ጠብቆ ቆየ፤ በኋላ ደግሞ የሚከራከር ሰው እየጠፋ፣ አግዳሚውም መጋዘን ገብቶ፣ ነገሩ ተረሳ። ፈህሚያ የሱቁን ልብስ ሁሉ ፎቶ ስታነሣ ይህን አላነሣችውም፤ መኖሩንም አታውቅም። ነጋ ትሪው ላይ የቀረውን ሽሮ አየና እጁን መልሶ ሰደደ።

ወደ ሱቁ ሲመለሱ ካርቶኖቹን ማውረድ ብዙ ጊዜ አልፈጀም፤ አግዳሚውን ያወጡት ግን ሐቢብ ከአንድ ጫፍ፣ ነጋ ከሌላው፣ ፈህሚያ ከመሐል ሆነው በመጋዘኑ በር ሁለት ጊዜ ተቀርቅረው ነው። መብራቱ ወደ ጥግ ተገፋ፣ መስታወቱ ዞረ። አግዳሚው ቦታው ላይ ሲያርፍ እንደ ድሮው ወደ ግራ አጋደለ፤ ፈህሚያ ከዕቃ መላኪያ ካርቶን ቆርሳ፣ አጥፋ፣ ከእግሩ ሥር አስገባችለት። የትነበርሽ አግዳሚው ሲወጣ በደጁ አይታ ኖሮ ሳትታዘዝ አራት ሻይ ይዛ ገባች። አራተኛው የማን ነው ሲሏት የራሴ ነው፣ ይህን ሳላይ አልሄድም አለች።

ኩታው ወጣ። የእጅ ፈትል ነው፤ ተጣጥፎ ሲያዩት የመዳፍ ውፍረት አይሞላም፣ ሲዘረጉት ግን የአግዳሚውን ርዝመት አልፎ ወረደ። ጥለቱ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ መሐሉ ላይ ወርቃማ መስመር አለው፤ መስመሩ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ይጠማዘዛል፣ የኡዘይር ዓይን እዚያ ላይ ደክሞ ይሆናል። ነጋ ጨርቁን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሐል አሸት አደረገው። መልሶ ለቀቀው። ለሻጭ ዕቃው ማማሩን የሚነግር ገዢ የለም።

ፈህሚያ ስልኳን አንሥታ ልቅረጽ ወይ ብላ አባቷን ጠየቀች። አባቷ ነጋን አየ።

«ትቅረጽ» አለ ነጋ። «የኛ ጣት አፍ የለውም።»

ይህን ብሎ የጋቢውን ጫፍ በሁለቱ መሐል ዘረጋ። ሐቢብ ሲገባው ፊቱ በራ። የሐቢብ አባት በቅሎ ይነግዱ ነበር፣ የነጋ አባት ከሳቸው በቅሎ ገዝተዋል፤ በበቅሎ ተራ ዋጋ በአፍ አይጠራም ነበር። ሻጭና ገዢ እጃቸውን ከአንድ ጋቢ ሥር ያስገባሉ፤ ሙሉ ጣት ሲጨበጥ ሺህ፣ አንድ አንጓ ሲነካ መቶ ነው፤ ዙሪያውን የቆመ ሰው የሚያየው የጨርቅ መነቃነቅ ብቻ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ከአባቶቻቸው ተምረውታል፣ ለልብስ ግን ተጠቅመውበት አያውቁም። ሐቢብ እጁን ከጋቢው ሥር ሰደደ። ፈህሚያ በስልኳ ውስጥ የምታየው ሁለት ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ስለ ውርጭ ሲጨዋወቱ ነው። ባቄላውን መቶታል ወይ ይላል ሐቢብ፤ የቆላውን አልነካም ይላል ነጋ፤ ጋቢው ግን ከመሐላቸው እንደ ተያዘ ጫጩት ይንፈራገጣል። ሐቢብ አንዴ ሣቁን መቆጣጠር አቃተው። ነጋ አንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። የትነበርሽ አንገቷን አስግጋ ልታነብ ሞከረች፣ አልቻለችም፤ ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሄዳ ሌላ አመጣች።

ከዚያ ነጋ ድንገት እጁን ከጋቢው ሥር መንጭቆ እንደ ተሰደበ ሰው ብድግ አለ። ደጁን አየ። ሐቢብ እንደ ደንቡ ወደ መደርደሪያው ዞረ። ሁለቱም ጠበቁ። የሚጎትት ሽማግሌ የለም። ነጋ አንድ እርምጃ ወደ ደጁ ተራመደ፤ ከተነሡ በኋላ በገዛ ፈቃድ ተመልሶ መቀመጥ ነውር ነው፣ ሁለቱም ያውቁታል፣ ሁለቱም ረስተውት ነበር። 

ፈህሚያ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ አስቀመጠች። ሄዳ የነጋን ጋቢ በሁለት እጇ ያዘችና ጎተተች።

«አያ ነጋ፣ በሞቴ፣ ይቀመጡ። አባቴንም እኔ አናግረዋለሁ።»

«ልጄ ተይኝ። አባትሽ ሰው አይደለም።»

«አውቃለሁ። ግን ይቀመጡ።»

ነጋ ተቀመጠ። እሷም ከአጠገቡ ተቀመጠች፣ ሽማግሌዎቹ ይቀመጡበት በነበረው በኩል። እጆቹ ወደ ጋቢው ሥር ተመለሱ፤ ጥቂት ተንቀሳቀሱ፤ ቆሙ። ሐቢብ እጁን አውጥቶ የነጋን መዳፍ ጯ አድርጎ መታ። ነጋ ወደ ግድግዳው ዞሮ ከመቀነቱ ያወጣውን ገንዘብ ሐቢብ ኪስ ከተተለት፤ ሐቢብም ኪሱን ሳያይ ቁልፉን ቆለፈ። ኩታው ተጠቀለለ፣ ዱላው ከባንኮኒው ጀርባ ወጣ። ነጋ ደጁ ላይ ሲደርስ ወደ ፈህሚያ ዞሮ ቀሚሱም ሸጋ ነው አላት፤ ልጄ ዓይን አለው፣ ምራቴም አላት፣ ንገሪያቸው።

ማታ ሱቁን ሲዘጉ ፈህሚያ ቪዲዮውን አሳጥራ ለመለጠፍ ተዘጋጅታ ነበር። አባ፣ ስንት ልበል አለችው። ምንም አትበይ አላት። በስንት ሸጥከው፣ ለኔ ብቻ ንገረኝ አለችው። ሐቢብ መብራቱን አጠፋና ካርቶኑ በደንብ መቀመጡን በእግሩ ነካ አድርጎ አረጋገጠ። ከቪዲዮው ሥር «ተሽጧል» ብላ ጻፈች፤ በዚያ ቻናል ላይ ቁጥር ሳይኖረው የወጣ የመጀመሪያው ነው።

ሰኞ ከአላምረው የድምፅ መልእክት መጣ፤ ፈህሚያ ስልኩን ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፋ ለሁሉም አሰማች። ቀሚሱ ሲታይ የሴት ወገን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ሁሉም ያውቀዋል። አባቱ ኩታውን ከፍ ሲያደርግ ግን ዳሱ ውስጥ ስልክ ሁሉ ወጣ። ቪዲዮውን አገኙት፣ ዋጋውን አላገኙትም። የሙሽሪት እናት «ይህችን ብላችሁ ነው?» ብለው ጀመሩ፣ አባቱም ተነሣ፣ ሙግቱ ጠላው እስኪያልቅ ቀጠለ። የታናሽ ወንድሜ ተራ ሲደርስ አባቴን ራሴ ይዤው እወርዳለሁ፣ አግዳሚውን እንዳታነሡት ይላል መልእክቱ።

አግዳሚው እዚያው ነው። የትነበርሽ ወደ ሱቁ የምታስገባው ሻይ በቀን አሥራ አንድ ደርሷል። የኩታውን ቪዲዮ እስከ ዛሬ ጠዋት አሥራ አራት ሺህ ስድስት መቶ ሰባት ሰዎች አይተውታል። ዋጋውን የሚያውቁት ሁለት ናቸው።